ስምንት ብሎን ያለው ሽፋን

ሸሕዲ፣ ሰኞ ነሐሴ 4 ቀን 2007

ሰበርኩት።

ታብሌቶቹ ከመጡ ገና አራተኛ ቀናቸው ነው። አንዱን የሞተር ሳይክሉ ኮርቻ ላይ አስቀምጬ የዝናብ ልብሴን ልለብስ ዘወር ስል ተንሸራቶ ወደቀ። ጭቃው ላይ ቢወድቅ ዋልካው ይቀበለው ነበር። እሱ ግን የቢሮው ደረጃ ላይ አረፈ። መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ሲነኩት ይሠራል፤ ሰው ፊት ግን የሚወጣ አይደለም።

ለአስተባባሪያችን ለአቶ ይርዳው ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና አምና በሌላ ወረዳ ሦስት ታብሌት ተሰብሮ ፕሮጀክቱ ከዚያ ነቅሎ እንደሄደ አወሩኝ። ከዚያ፣ «እንዲህ ያለ ወሬ ሁለተኛ ባሕር ዳር ላለው ዋና ቢሮ አልጽፍም፣ ሰርካለም» አሉ።

ስድስት ነበሩ። አምስት ተኩል ቀሩ።

ረቡዕ ነሐሴ 6

ሥራው ለኔ ተሰጠ። ለስድስቱም ታብሌቶች ማስቀመጫና መያዣ የሚሆን ሽፋን መርጬ እስከ ሰኞ ነሐሴ አሥራ አንድ ድረስ ሐሳብ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አቶ ይርዳው፣ የጣለ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጠነቀቃል አሉ። ምስጋና ይሁን ቅጣት አልለየሁትም።

ሥራችን ካላዛርን መፈለግ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ጉልበት ሠራተኞች በሽታውን ከዚህ ቆላ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ጣፊያቸው እያበጠ፣ ሰውነታቸው እያለቀ፣ ምን እንደያዛቸው እንኳ ሳያውቁ አገራቸው ገብተው ይሞታሉ። እኛ እርሻው ድረስ ሄደን ደማቸውን እንመረምራለን፤ ያለበትን ወደ ሕክምና እንልካለን። እስካሁን ስማቸው በደብተር ይጻፍ ነበር። ከዘንድሮ ጀምሮ በታብሌት ነው። አቶ ይርዳው ደብተሮቹን ሰብስበው ዕቃ ቤት አስቆልፈዋል። ሁለት ዓይነት መዝገብ ስሕተት ያመጣል ብለው ነው።

ዕቃ ቤት የያዙት እትየ የሻረግ «ታብሌት መጣ» ሲባሉ ከወባ ኪኒኑ አጠገብ መደርደሪያ አጽድተው ጠብቀው ነበር። ካርቶኑን ሲከፍቱ ደነገጡ። «ይኸን ደግሞ በቀን ስንቴ ነው የሚወስዱት?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስሜነህ ከሽንፋ መጥቶ ነበር። የሽንፋን በኩል የሚመረምረው እሱ ነው። የተሰነጠቀውን አይቶ ሸረሪት ድር የሠራችበት ይመስላል አለ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገትጌው ተተርትሯል። ይኸን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ቅዳሜ ነሐሴ 9

መተማ ዮሐንስ ወርጄ መጣሁ። ድንበሩ አጠገብ ረቢዓ የምትባል ነጋዴ የስልክ ዕቃ ትሸጣለች፤ አብዛኛው ከወዲያ ማዶ ከሱዳን የሚመጣ ነው። ሁለት ዓይነት አሳየችኝ። አንዱ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ ቆዳ የሚመስል። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ጠርዙ ክፍት ነው፣ አቧራና ውኃ ያስገባል። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም ጎማና ፕላስቲክ፤ ፊቱንም ጀርባውንም ድፍን አድርጎ ይዘጋል። መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች ያስመጣችው ነው።

የራሷን ታብሌት ጥቁሩ ውስጥ አስገብታ እኔ ሳልጠይቃት ከራሷ ቁመት በላይ አንስታ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንስታ ስታሳየኝ ምንም አልሆነም። «ኻላስ» አለች፤ ከዚህ በኋላ ምን ትፈልጊያለሽ እንደማለት።

ለሙከራ ከሁለቱም አንድ አንድ አዋሰችኝ። ጥቁሩን መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ተመለስኩ።

ሰኞ ነሐሴ 11

ቀኑ ደረሰ፤ አልወሰንኩም። አቶ ይርዳው እስከሚቀጥለው ሰኞ አራዝመውልኛል፤ ቅር ብሏቸው ነው። ፕሮጀክቱን የሚገመግሙት የባሕር ዳር እንግዶች በመስከረም ይመጣሉ።

እትየ የሻረግ የትራክተር ወንበር ልብስና የእርሻ ድንኳን ወደሚሰፋው ወደ ጋሼ ጀይሉ ወሰዱኝ። ሱቁ ገበያው ጀርባ ነው። ታብሌቱን ገልብጦ ገልብጦ አየ፤ እጁን ጀርባው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ የት እንደሚሞቅ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። የሚሠራ ነገር ሁሉ ይሞቃል፣ ትራክተርም ቢሆን ፊቱን ብትሸፍኚው ይቃጠላል አለኝ።

ሐሙስ ጨርሶ ይሰጠኛል።

ሐሙስ ነሐሴ 14

የጋሼ ጀይሉ ደረሰ። ከአረንጓዴ ሸራ የተሰፋ ነው፤ ውስጡ የትራክተር ወንበር ስፖንጅ አለው፤ ጀርባው ላይ አየር እንዲያስገባ እንደ ወንፊት ያለ መረብ፤ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ። ስሜነህ ቢያየው የቄስ ማኅደር ይለው ነበር። እውነትም የዳዊት ማኅደር ይመስላል፤ አባቴ እንዲህ ባለ ማኅደር ነበር ዳዊቱን አንግቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው።

ሦስቱንም በተሰነጠቀው ታብሌት ሞከርኳቸው። ሌላውን ለሙከራ የመስጠት ድፍረት የለኝም።

መጣል፦ ቆዳ መሳዩ ጥግ ጥጉን አያድንም። ሸራው ደህና። ጥቁሩ ምንም አይሆንም።

ውኃ፦ አንድ ጆግ አፈሰስኩባቸው። በሸራው መረብ በኩል ጥቂት ጠብታ ገባ። በጥቁሩ አንዲትም አልገባችም።

ሙቀት፦ ዛሬ ዝናቡ አባርቶ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ፀሐይ ነበር። ታብሌቱን በየተራ እየከተትኩ ግቢው መካከል ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቆዳ መሳዩና ሸራው ውስጥ ሲሠራ ቆየ። ጥቁሩ ውስጥ አርባ ደቂቃ እንደሆነው ብርሃኑ ደብዝዞ ቢጫ ምልክት አወጣ። አንስቼ ጥላ ውስጥ ባደርገው ተመለሰ። የተሰነጠቀው ስለሆነ ነው። ጤነኛው እንዲህ አይሆንም።

ከሐሳቡ ጋር በሚቀርበው የሙከራ ቅጽ ላይ «ሙቀት» በሚለው መስመር ለሦስቱም «ደህና» ብዬ ሞላሁ።

ቅዳሜ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ሥጋው ጣዕም አልሰጠኝም። ቅጹን ሁለቴ አውጥቼ አየሁት። ሰኞ አቀርባለሁ።

ሰኞ ነሐሴ 18

ጥቁሩን መረጥኩ። አቶ ይርዳው ሲያዩት ፊታቸው ፈታ አለ። አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ ይኸ ዕቃ ይመስላል አሉ። ሸራውን ግን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ይኸን ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል ብለው መለሱልኝ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ማታ ሳልገባ ለጋሼ ጀይሉ መለስኩለት። ጥቁሩ የተመረጠው ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ ነው አልኩት። አልተቀየመም፤ ለሬዲዮኑ ያደርገዋል። ልወጣ ስል ግን፣ «እነዚያ የሚይዙት ሰዎች አይተውታል?» አለኝ።

አላዩትም። ሁሉም እርሻ ላይ ናቸው። መንገዱ ጭቃ ነው። እንዴት ብዬ ላሳያቸው?

ሐሙስ ነሐሴ 28

ስድስቱ ሽፋኖች መጡ። ለሙከራ ከተዋስኩት በተለየ እያንዳንዱ በስምንት ትንንሽ ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኑ በኛ አገር መፍቻ አይፈታም። የራሱ መፍቻ አብሮ መጥቷል፤ ለስድስቱም አንድ። ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳጠብቅ ዋልኩ። ጣቴ ተላጠ።

ማንም ከፍቶ አውጥቶ እንዳይጥለው መፍቻው ቢሮ እንዲቀር ተወሰነ። የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጳጉሜ 2

ታብሌቶቹ ተከፋፈሉ። የተሰነጠቀው ቢሮ ቀረ። አምስቱ መርማሪዎች ፈርመው ወሰዱ። ስሜነህ መፍቻውን ጠየቀ። ቢጠፋብህስ አልኩት። ሽንፋ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አይታወቅም ብሎ ሊያስረዳኝ ጀመረና አቶ ይርዳው ሲመጡ ተወው። ደግሞ ለማንኛውም አንድ የድሮ ደብተር ልያዝ አላቸው። ወረቀት ቀርቷል ተባለ።

ጥቁሩን ሽፋን ብብቱ ሥር ወትፎ በሞተር ሄደ። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየም። ለምን ያያል?

እሑድ መስከረም 2 ቀን 2008

ስሜነህ ከሽንፋ ደወለ። እዚያ ዝናቡ ቆሟል፤ ፀሐዩ መጥቷል። ታብሌቱ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ትናንት አንዴ ራሱ ጠፋ አለኝ። ጥላ ውስጥ አድርገው አልኩት። ሰሊጥ እርሻ መሀል ጥላ የት አለ ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳን አደረሰህ እንዳላልኩት ትዝ አለኝ።

ዓርብ መስከረም 7

ሁለቱ ሌሎችም ስለ ሙቀቱ ደወሉ። ስሜነህም ደግሞ። ጠዋትና ማታ ብቻ ሥሩ አልኳቸው። ስሜነህ ግን፣ ሠራተኞቹ ጠዋትና ማታ አረም ላይ ናቸው፣ የሚገኙት ለምሳ ሲቀመጡ ብቻ ነው አለኝ። ይኸንን እኔም አውቃለሁ። ሁለት ዓመት እርሻ ለእርሻ ዞሬ ነው ቢሮ የገባሁት።

ከዚያ እንዲህ ተባባልን።

«መፍቻውን በነገው መኪና ላኪልኝ። ጀርባውን ብቻ ልክፈተው።»

«እልካለሁ። እስከዚያ ግን እንዳትነካው፣ አደራ። ኃላፊነቱ ያንተ ነው የሚሆነው።»

«እሽ። አልነካውም።»

ለምን ኃላፊነቱ ያንተ ነው አልኩት?

እሑድ መስከረም 9

መፍቻውን ትናንት አልላክሁም። መናኸሪያ ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር። የሽንፋው መኪና ሊወጣ ሲል አቶ ይርዳው ደወሉ፤ እንግዶቹ በአሥራ ዘጠኝ ይመጣሉ፣ የተከፈተ ሽፋን የለም አይደል ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ተመለስኩ።

ረቡዕ ብልክስ? ረቡዕም መኪና አለ።

ረቡዕ መስከረም 12

አንድ ሰው ጠፋ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ስሜነህ ዛሬ ከሽንፋ ወዲያ ባለ አንድ እርሻ አሥራ አንድ ሰው መረመረ። ደሙን ወስዶ፣ ስምና ስልክ ታብሌቱ ላይ ይሞላል፤ መመርመሪያው ላይ ቁጥር ብቻ ይጽፋል፤ ውጤቱን ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ውጤቱ ሳይደርስ ታብሌቱ ግሎ ጠፋ። አልከፈት አለ። ሽፋኑን መክፈት አይችልም። ስለዚህ ይቀዘቅዝለት ዘንድ ወንዙ ዳር ወዳለው ዛፍ ይዞት ሄደ። ሠራተኞቹን ጠብቁኝ ብሏቸዋል። ግን አረሙ አልቆ ነበርና የትራክተሩ ተጎታች መጣ፤ ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር ብሎ ሹፌሩ ጫናቸው። ስሜነህ ሮጦ ሲመለስ አቧራውን ብቻ አገኘ።

የአሥሩ ውጤት ነፃ ነው። ሰባት ቁጥር ሁለት መስመር አውጥቷል፤ ካላዛር አለበት ማለት ነው። ታብሌቱ ሲከፈት የዛሬው ሁሉ የለም። ሳይቀመጥ ነው የጠፋው።

ሰባት ቁጥር ስሙ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ራሱም ምን እንደያዘው አያውቅም።

ስሜነህ ይኸን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የመፍቻውን ነገር አላነሳም።

ሐሙስ መስከረም 13፣ ሽንፋ

በመጀመሪያው መኪና ደረስኩ። መፍቻውን ሰጠሁት። ስምንቱን ብሎን ሰው ፊት አጎንብሶ ፈታ፤ እኔ ቆሜ አየሁ። ጀርባው ሲከፈት የታፈነው ሙቀት ፊቴን መታኝ።

ስለ ሰውየው የሚያስታውሰው፦ ረጅም፣ ከሠላሳ አይዘልም፣ በአነጋገሩ ጎጃሜ። ግራ ጎኑን ይዞ ነበር። ምግብ ከጠላ ወር ሆኖታል። ወደ አጨዳ እሄዳለሁ ብሏል፤ የት እንደሆነ አልሰማም።

መመርመሪያውን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኑሮታል። ሰጠኝ። በእስክሪብቶ 7 ተጽፎበታል።

ቅዳሜ መስከረም 15

አቶ ይርዳው ሪፖርት አዘጋጁ። አንድ ገጽ ነው። «በመርማሪው የአጠቃቀም ጉድለት ምክንያት የአንድ ቀን መረጃ ጠፍቷል» ይላል። የዕቃው ኃላፊ ስለሆንኩ እኔ ነኝ የምፈርም። የስሜነህ ውል በጥቅምት ያልቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከፋይሉ ከገባ አይታደስለትም።

መጥፎ ሰው አይደሉም። ፕሮጀክቱ ከተነሣ በዚህ ቆላ ሳይታወቁ የሚሞቱት ስንት እንደሆኑ ቆጥረው ነገሩኝ። ይኸን የሚሉት ከልባቸው ነው። ዓይኖቻቸው ቀልተው ነበር።

የአንድ ቀን ጊዜ ይስጡኝ አልኩ። ለመስቀል ማግሥት አደረጉት።

ሰኞ መስከረም 17

መስቀል ነው። ከቤት አልወጣሁም። ራሴን አሞኛል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ እትየ የሻረግ ምግብ በሳህን ይዘው መጡ። እስክበላ ተቀመጡ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። ስሜነህ ጳጉሜ ላይ ዕቃ ቤት በር ድረስ መጥቶ አንድ ደብተር በስውር ይስጡኝ ብሏቸው ነበር። ታዝዣለሁ ብለው ከለከሉት። «ቁልፉ እኮ እዚህ ነበር» አሉና የቀሚሳቸውን ኪስ መቱ። ሰውየው ከጠፋ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

እኔም የመሳቢያዬን ነገር ነገርኳቸው። መፍቻው ቢሮ ይቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ የቀን ማስታወሻዬ ላይ «ተወሰነ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ገልጬ አየሁት። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አቶ ይርዳው ወደዱት። ስለ ቢጫው ምልክትም ነገርኳቸው። በነሐሴ አይቼው «ደህና» ብዬ ስለ ሞላሁት።

እትየ የሻረግ ባዶውን ሳህን አነሡ። «እሽ፣ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

ማክሰኞ መስከረም 18

አልፈረምኩም። የራሴን ጻፍኩ። ሙከራውን፣ ቅጹን፣ መፍቻውን፣ መናኸሪያ ደርሼ መመለሴን፣ አትንካው ማለቴን። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ስጨርስ ሆዴ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

አቶ ይርዳው ቆመው አነበቡት፤ ተቀምጠው ደገሙት።

«ይኸን ከላክሁት እዚህ ቢሮ አትቀመጭም፤ እኔም አላድንሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ለማን ብለሽ ነው? ለስሜነህ?»

ለሰባት ቁጥር ነው ብል ጥሩ መልስ ነበር። ፊቴ ጋለ።

ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ልወጣ ስል ጠሩኝና፣ እንግዶቹ እስኪመጡ አትጠብቂ፣ ሂጂና ሰውየውን ፈልጊ አሉኝ። ከዚያ እትየ የሻረግን ጠርተው ደብተሮቹ ይውጡ አሉ።

ሐሙስ መስከረም 20

እንግዶቹ ትናንት መጥተው ዛሬ ሄዱ። የኔን ጽሑፍ አቶ ይርዳው ራሳቸው ሰጥተዋቸዋል። አንዲት ጠና ያለች ሴት ቢሮ አስጠርታኝ፣ ቢጫውን ምልክት በስንት ደቂቃ እንዳየሁት ብቻ ጠየቀችኝ። አርባ አልኳት። ጻፈች።

የተወሰነው፦ ጥቁሮቹ ሽፋኖች ይፈቱ። አዲሱን እርሻ ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ይምረጡ። የስሜነህ ውል አይነካም። እኔ ከቢሮ ተነሥቼ ወደ መርማሪነት እመለሳለሁ። ደመወዜ ይቀንሳል። ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፤ ሰባት ቁጥር ይገኝ አይገኝ ግን በየሳምንቱ ይነገረን ብለዋል።

ለእንግዶቹ ተጠርተው የመጡት አምስቱ መርማሪዎች የጋሼ ጀይሉን ሸራ ቀትር ላይ ሜዳ አስቀምጠው፣ በየተራ አንግተው ሞከሩት። ማሰሪያው አንገት ይበላል አሉት፤ አሰፋው። መረቡ ዝናብ ያስገባል አሉት፤ ሲዘንብ የሚወርድ፣ ሲያባራ ወደ ላይ የሚቆለፍ ክዳን ጨመረበት። ይኸን ሁሉ በነሐሴ ብጠይቀው በአንድ ቀን ይሠራው ነበር።

ሰኞ መስከረም 24

ስድስት ቀን ሸሕዲ ውስጥ ፍለጋ። ለአጨዳ ቀጣሪ የሚጠብቁት ሠራተኞች አስፋልቱ ዳር ይቀመጣሉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ። ከሽንፋ ወዲያ ያረመ፣ ረጅም ጎጃሜ፣ ግራ ጎኑን የሚያመው እያልኩ እጠይቃለሁ። ሁሉም ጎጃሜ ነው። ግማሹን ጎኑን ያመዋል።

ዛሬ አንዱ ሽማግሌ፣ «ምን ሰርቆሽ ነው?» አለኝ።

ሐሙስ መስከረም 27

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ኩብራ የምትባል ሴት አለች። ከሰኞ ጀምሮ ሳልፍ ሳገድም ታየኛለች። ዛሬ ጠርታ ማንን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ሰው አግዳሚዋ ላይ ተኝቶ ዋለ አለች። ትኩሳት ነበረው። ሻይ ሰጠችው፤ አስመለሰው። ጓደኞቹ ስንሻው እያሉ ይጠሩታል። ማታ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ሥራ አለ ተብሎ በጭነት መኪና ወደ አብደራፊ ሄዱ።

ስንሻው። ስም አለው።

ለስሜነህ ደወልኩ። ነገ በሞተር ሽንፋን ትቶ ይመጣል። አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። አያስፈልግም ማለት ነበረብኝ።

እሑድ መስከረም 30፣ አብደራፊ

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀብን። የሰሊጥ መጋዘኖቹ ከከተማው ዳር ተደርድረዋል። በመጀመሪያው የለም። በሁለተኛው ዘበኛው አላስገባም አለን። በአራተኛው ስሜነህ ከሩቅ ቆመና እጄን ያዘ። ወዲያው ለቀቀው።

ስንሻው ከጆንያ ክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ እሱ የፈሰሰ ሰሊጥ በእጁ ያፍሳል። መሸከም ካቃተው አምስት ቀኑ ነው። ጓደኞቹ ከድርሻቸው እያካፈሉት ነው የሚበላው። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ሆዱ ግን በሸሚዙ ሥር ተነፍቷል።

ስሜነህን አወቀው። «ጠብቁ ብለኸን ሄድክ» አለው። ወቀሳ አይመስልም ነበር።

ስሜነህ አንገቱን ደፋ። እኔ ስንሻው አጠገብ ቁጭ አልኩና ያጠፋው ስሜነህ እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። እንደገና ደሙን መረመርነው። ሁለት መስመር።

ሕክምና ጣቢያው እስኪደርስ ሞተሩ ላይ እኔ ከኋላ ሆኜ ደገፍኩት። ያን የሚያህል ረጅም ሰው፣ ክብደት አልነበረውም።

ረቡዕ ጥቅምት 3፣ አብደራፊ

መርፌው ከተጀመረ ሦስት ቀኑ። የሚያክመው ባለሙያ ጣፊያው በጣም አብጧል፣ ደሙም አንሷል፣ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ይድናል ብዬ አልነግርሽም ነበር አለኝ። እንደሚድን ያስባል። «አስባለሁ» ነው ያለው። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ትናንት ትኩሳቱ ወረደ። ዛሬ ትንሽ ገንፎ በላ። ቋሪት ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ በአጨዳው ማግሥት ለመመለስ ነበር ሐሳቡ። ስሜነህ ቀበሌያቸው ደውሎ ለሚስቱ አስነገረለት።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ልሞላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ታብሌቱን ከሸራው ሳወጣ ዓይኑን ተከለበት።

«እዚህ ውስጥ ነው የጠፋሁት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጀርባውን አየ፣ ጠርዙን ዳሰሰ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ መልሶ ሰጠኝና ስሙን እያየ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ትክክል መሆኑን ፊደል በፊደል ተከተለ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። ከዚያ ደብተሩ ላይም እንድጽፈው ፈለገ። ጻፍኩ። ከጨረስኩ በኋላም እጁን ዘርግቶ ቆየ።

የሚፈልገው ሲገባኝ ከደብተሩ ጫፍ ቀደድኩና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የምርመራውን ቀን፣ ውጤቱን፣ መርፌው የተጀመረበትን ቀን፣ የኔን ስምና ስልክ ጻፍኩበት። አነበበው። ለአራት አጠፈው፤ በክር ካንጠለጠለው መስቀል ጋር ሸሚዙ ውስጥ ከተተው።

«ይኸ እኔ ዘንድ ይሁን» አለ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።